ላልመጡ መርከቦች የመጣ ጎመን

ከባለቤቴ ከሽፈራው ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ማራገቢያውን ወደ እኛ አዙረን ተቀምጠናል። እሱ በትንሿ ቢላዋ ራስ ራሱን ይቆርጥልኛል፤ እኔ ልጣጩን እገፋለሁ። ሬዲዮው ዜና ያነባል። ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ስለሚጠቁ፣ ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ ብዙ መርከቦች ባብ ኤል መንደብን ትተው አፍሪካን በደቡብ በኩል እየዞሩ መሄድ እንደቀጠሉ ተናገረ። ሽፈራው ቢላዋውን አቁሞ አዳመጠ።

«ደግሞ ዞሩ» አለ።

«ይዙሩ። አንተን ምን ቸገረህ?»

«ምንም። ሲመለሱ ግን እናያቸዋለን።»

«በዚህ ዕድሜህም መርከብ መጠበቅ አይሰለችህም?»

ሳቀ። የእሱ ሳቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ነው የሚስቀው። ሽንኩርቱን ጨርሰን በጠርሙስ አደረግሁት፤ ዘይት አፈሰስኩበትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሽፈራው አረፈ። ልቡ ነው አሉኝ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ የበላው ወጥ በዚያ ሽንኩርት የተሠራ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ልቀጥል።

የነዳጅ መርከቦች መንገዳቸውን ሲቀይሩ በእኔ ዕድሜ ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሲዞሩ አላየሁም፤ ድሬዳዋ ያለሁ ልጅ ነበርኩ። ሲመለሱ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሆኜ እዚሁ ጅቡቲ ነበርኩ፤ ከሚጠብቋቸው ሰዎች ጋር አብሬ ጠብቄያለሁ። የእኔም ኑሮ የተወሰነው በዚያ አንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

በዓረቦችና በእስራኤል ጦርነት የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ፣ ይህች ከተማ መንገደኛ የቀረበት የመንገድ ዳር ሱቅ ሆነች። ከዚያ በፊት ከባሕረ ሰላጤው ድፍድፍ ጭነው ወደ አውሮፓ የሚወጡት፣ ባዷቸውንም የሚመለሱት መርከቦች ለሞተራቸው ነዳጅ፣ ለሰዎቻቸው ውሃና ምግብ ሊወስዱ እዚህ ጎራ ይሉ ነበር። ቦዩ ሲዘጋ አፍሪካን መዞር ጀመሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዞሩ። ወደቡ ሲቀዘቅዝ ባቡሩም ቀዘቀዘ። ክሬኖቹ ወፍ ሰፈረባቸው ይሉ ነበር ሰዎቹ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም አይቻለሁ።

ወደ ጅቡቲ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ እናቴ ስትሞት ነው። ወንድሟ ጋሽ መኮንን ወሰዱኝ። ጋሼ የሸሚንደፈር ሰው ነበሩ፤ የባቡሩን ድርጅት እንዲያ ነበር የምንጠራው፤ በጅቡቲ ጣቢያ የዕቃ ፉርጎዎች ኃላፊ ሆነው ይሠሩ ነበር። ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ ፈረንሳይኛ እችል ነበር። ስለዚህ በፈረንጆቹ ሰፈር በአንድ ፒሎት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ፒሎት ማለት መርከብ ሲመጣ በጀልባ ወጥቶ፣ መርከቡ ላይ ተሳፍሮ ወደብ የሚያስገባ ሰው ነው። እዚያው አድራለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እለቀቃለሁ።

ሽፈራውን ያወቅሁት በዚያ ቤት የጓዳ በር ነው። የሃያ አራት ዓመት የድሬዳዋ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ መጋዘን ላላቸው ለሐጂ ሳልም ይሠራል። ሐጂ የመናዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሱቅ ስለነበራቸው አማርኛቸው ከእኛ አይተናነስም። ለመርከቦች ስንቅ ማቅረብ ነበር ሥራቸው። ሽፈራው በየማለዳው በጓዳ በር ብቅ ይልና የመርከብ ወሬ ይጠይቀኛል። ሙሴ የምንለው ፒሎቱ ማልዶ ከወጣ መርከብ አለ ማለት ነዋ።

«ሙሴ ዛሬ ማልዶ ወጣ?»

«አልወጣም። ተኝቷል።»

«አቦ! ይህ ሰውዬ ተኝቶ ሊሞት ነው።»

«መርከብ አምጣለትና ይነሣል።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ተባባልን። በኋላ በኋላ ሙሴ መተኛቱን አሻግሮ እያየ እንኳ መጠየቁን አልተወም። እኔም መመለሴን አልተውኩም።

የሐጂ መጋዘን ከሞላ ጎደል ባዶ ነበር። ግድግዳው ግን ሙሉ ነው። ሐጂ ድሮ ይመላለሱ የነበሩትን የነዳጅ መርከቦች አንድ በአንድ በከሰል ጽፈውበታል፤ የመርከቡን ስም፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ወጥ ቤቱ ምን እንደሚፈልግ። ግሪኮቹ ሎሚና ቲማቲም አይጠግቡም። ህንዶቹ ድንችና ቃሪያ ይላሉ። ጃፓኖቹ ጥቅል ጎመን፤ በየቀኑ፣ በየማዕዱ ጥቅል ጎመን። ሽፈራው አረብኛ ማንበብ የተማረው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። መርከቦቹን አንዳቸውንም ሳያያቸው እንደ ጎረቤት ያውቃቸው ነበር። «ያ ግሪኩ ሽማግሌ ወጥ ቤት እኮ ሎሚውን አሽትቶ ነው የሚቀበለው» ይለኛል፣ አብሮት ያደገ ይመስል።

ቦዩ በሚከፈትበት ዓመት፣ በግንቦት፣ ጋሼ ወደ ድሬዳዋ መዛወራቸው ተነገራቸው። ወደቡ ሥራ ስለሌለው ጅቡቲ ያን ያህል የፉርጎ ሰው አያስፈልግም ተባለ። ከሐምሌ በፊት መሄዳቸው ነው። እኔም አብሬ እንድሄድ ታሰበ፤ እዚያ አንድ ባለ ወፍጮ ለልጁ ጠይቆኛል። ይህን የሰማ ዕለት ሽፈራው ሽማግሌ እልካለሁ አለ። እኔም እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ሄጄ፣ ጨርቄን እያፍተለተልኩ ነገርኳቸው።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ፣ እያወቁ።

«ሐጂ ሳልም ዘንድ ይሠራል።»

«ምን ይሠራል?»

«ለመርከብ ስንቅ...»

«ለየትኛው መርከብ? ነይ እስቲ፣ እዚህ መስኮት ላይ ቁሚና አንድ መርከብ አሳይኝ!»

ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል፤ ባሕሩ ላይ ሁለት የዓሣ ጀልባ ብቻ።

«ስሚኝ፤ የእህቴን ልጅ ለመርከብ ጠባቂ አልሰጥም። ቦዩ ሊከፈት ነው ይላሉ። ይከፈት። መርከብ መጥቶ፣ ይህ ልጅ ሲጭንበት በዓይኔ ካየሁ ሽማግሌውን ይላክ። ካላየሁ በምሄድበት ባቡር አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ጨረስኩ።»

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያዩትን ብቻ የሚያምኑ የባቡር ሰው ነበሩ። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ መርከብ ከመጣ እቀራለሁ፣ ካልመጣ እሄዳለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቦዩ ተከፈተ። ከተማው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፋ። የወደብ ሠራተኞች ጣቢያው ፊት ለፊት ከበሮ መቱ። የሻይ ቤቱ ሰውዬ ወንበሮቹን አረንጓዴ ቀባ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው ተቀምጦባቸው የስንቱ ሱሪ ተበላሸ። ሙቀቱ ጀምሯል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣና በጥርስ መሃል ይንኮሻኮሻል። ያኔ ግን ማንም ስለ ነፋሱ አላማረረም።

ሽፈራው ሐጂን ያዛቸው። በኋላ እየደጋገመ ስለነገረኝ ንግግራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ሐጂ፣ አንድ ፉርጎ አትክልት ከድሬ ላምጣ።»

«መርከቦቹን አየሃቸው?»

«ቦዩ ተከፈተ እኮ!»

«ቦዩን አልጠየቅሁህም ልጄ። መርከቦቹን ነው።»

«ይመጣሉ። መንገዱ ይኸው፣ ሌላ የት ይሄዳሉ? ቀድሞ ያዘጋጀ ነው የሚይዛቸው።»

«ግማሽ ፉርጎ አምጣ።»

«ጃፓኖቹ ብቻ ሦስት መርከብ ናቸው ሐጂ!»

ሐጂ ግድግዳቸውን ቀና ብለው አዩ። ያን ግድግዳ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አላስቀቡትም። «እሺ፤ ሂድ» አሉት። ሽፈራው ግድግዳውን ቃል በቃል ገልብጦ ድሬዳዋ ሄደ፤ አዝዞ በማግሥቱ ተመለሰ። ፉርጎው በሳምንቱ ዓርብ እንዲገባ ተቀጠረ።

ሐሙስ ጠዋት ለሙሴና ለሚስቱ ለማዳም ቁርስ አቀርብ ነበር። ሙሴ ያን ሰሞን በየቀኑ ማልዶ ይነሣል፤ ግን ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማዳም መርከቦቹ ምነው ዘገዩ ብላ ጠየቀችው። መልስ ከመስጠቱ በፊት የአፍ መጥረጊያ ፎጣዋ የተጠቀለለበትን የብር ቀለበት አንሥቶ ረዥሙን ዳቦ ሊያሾልክበት ሞከረ። ዳቦው አልገባም።

«ይኸውልሽ» አላት። «ቀለበቱ ቦዩ ነው። ስምንት ዓመት ቦዩ ሲዘጋ መርከብ ሠሪዎቹ ቦዩን ረሱት። በረዥሙ መንገድ ድፍድፉ በርካሽ እንዲደርስ ብለው መርከቡን አሳደጉት፤ አሁን ጭነቱን እንደያዘ አይገባም። በቀለበቱ የሚገቡት አሮጌዎቹ ደግሞ ለብረታ ብረት ተቆራረጡ።»

«አንድም አልቀረ?»

«ጥቂት ትንንሾች አሉ። እነሱም ነዳጃቸውን ከሚጭኑበት ይሞላሉ፤ ምግባቸው በማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ትናንት ሁለቱ በሬዲዮ አናገሩኝ። ምን ትፈልጋላችሁ አልኳቸው። ምንም፣ ደህና ዋል ብለው አለፉ።»

የማርማላታውን ሳህን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ማዳም «ዘነበች፣ አሞሻል?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ጓዳ ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ወዲያው ሽፈራው በበሩ ብቅ አለ፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ።

«ሙሴ ማልዶ ወጣ?»

«ሽፈራው፣ ግባ።»

ገብቶ አያውቅም። ደነገጠ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ቀለበቱን ከጠረጴዛ አንሥቼ ስለነበር ዳቦ ይዤ አሳየሁት። አንድ ጊዜ እሱም ሞከረ። ከዚያ ዳቦውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«የግድግዳው መርከቦች...» አለ።

«የሉም። ብረት ሆነዋል።»

«ያ ግሪኩም?»

ፊቱ ወዳጁ እንደ ሞተበት ሰው ሆነ። «ፉርጎው ትናንት ከድሬ ተነሥቷል» አለ።

«መልሰው አይወስዱትም?»

«ጎመን ይመለሳል እንዴ?»

«ጎመኑ ስንት ነው?»

«የፉርጎው ግማሽ።»

ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። እሱም አየኝና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፋችንን በእጃችን ይዘን፣ ማዳም እንዳትሰማን እየፈራን፣ ጓዳ ውስጥ ቆመን ሳቅን። ከዚያ ወጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን ጀርባውን ሳይ አለቀስኩ። ጋሼ የሚነሡት በሚቀጥለው ሳምንት ነበርና፣ እኔም ባቡሩ ላይ እንደምሆን አወቅሁ።

ዓርብ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ዘንቢሌን ይዤ ጣቢያ ሮጥኩ። ፉርጎው ገብቷል። ፀሐዩ ሐዲዱን እንደ ምጣድ አግሎታል። ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው በሩን አስከፈቱ፤ የድሬዳዋ ሽታ ወጣ። እርጥብ አፈር፣ የቲማቲም ቅጠል፣ ሎሚ። ጅቡቲ እንዲህ ያለ ሽታ የላትም፤ ጨው ነው የምትሸተው። ከሎሚው ሣጥኖች ጀርባ ጥቅል ጎመኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«ይህ ሁሉ ጎመን ለማን ነው?» አሉ ጋሼ።

ሽፈራው ራሱን ቀና አድርጎ «ለጃፓኖች» አለ።

«የት አሉ?»

ጫኝና አውራጆቹ በሳቅ ወደቁ። አንዱ ዓይኑን በጣቱ ስቦ ወደ ባሕሩ እያየ «መጡ፣ መጡ!» ይላል። ሽፈራው አንገቱን አልደፋም። ጋሼ እሱን አዩ፣ ጎመኑን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። ዘወር ብለው የሎኮሞቲቩን ሰው ጠሩ።

«ይህን ፉርጎ ወደ ጥገናው ሼድ ግፋው። ጥላ ውስጥ። ወለሉ ላይ ውሃ ይረጭበት።»

በአጠገባቸው ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእሱ ብዬ አይምሰልሽ፤ ለጎመኑ ነው» አሉኝ። የባቡር ሰው ጭነት ሲበላሽ ማየት አይችልም።

ቅዳሜ አንድ መርከብ ገባ። የምሬን ነው! ሞተሩ ያስቸገረው አንድ ትንሽ የነዳጅ መርከብ፣ ግሪክ። ሽፈራው በጀልባ ሄደ፤ ወጥ ቤቱ ወጣት ነበር፣ ሎሚ አላሸተተም። ሁለት ሣጥን ሎሚ ወሰደና በረዶ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ከጣቢያው ሲወጡ ወደቡ ዳር ቆመው አይተውታል። እሑድ ቤታቸው ስሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «በሁለት ሣጥን ሎሚ መርከብ አይጫንም፤ በሽተኛ ይጠየቅበታል» አሉኝ። ሻንጣቸው ክፍሉ መሃል ተከፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ለእኔ የተገዛ ትንሽ ሻንጣ አለ።

ያን ሻንጣ ሳየው ነው የተናደድኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሰው ባሕሩን ያያል፣ እኔም ባሕሩን አያለሁ። ከተማው ግን ከኋላችን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የኢትዮጵያ ልጆች፣ በፈረንጅ ቤት የምንሠራው ሁሉ፣ ጣቢያው አጠገብ ካሉት ዛፎች ሥር እንሰበሰባለን። ፀጉር እንሠራራለን፣ የአገር ደብዳቤ ላልተማሩት አነባለሁ፣ ማዳሞቻችንን እናማለን። የዚያን ዕለት ሃምሳ ያህል እንሆናለን። የጎመኑ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ጓደኛዬ አልማዝ፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ ከሩቅ ተቀበለችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ጃፓን ነው አሉ የምታገቢው?»

«አልማዝ፣ ዛሬ ተይኝ።»

«ጎመን በጥሎሽ!»

ስቀው እስኪጨርሱ ቆየሁና ድንጋይ ላይ ወጣሁ። እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። «ነገ ጠዋት ገበያ የማትሄድ ማን ናት?» አልኩ። ሁሉም ይሄዳሉ። «ምን እንደምትገዙ የሚያውቀው ማን ነው?» ብዬ ቀጠልኩ። «ማዳሞቹ ምሳ ያዛሉ እንጂ ዘንቢሉ በእኛ እጅ ነው። እዚያ ሼድ ውስጥ አንድ ፉርጎ የድሬ አትክልት አለ። ሦስት ቀን ከገበያ ሳይሆን ከእዚያ ግዙ። ቲማቲምና ሎሚውን ለብቻው አትውሰዱ፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጎመን።»

«የእኔ ማዳም ጎመን ትጠላለች» አለች አንዷ።

«ምድጃው ጋ የምትቆመው አንቺ ነሽ እሷ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው!»

አልማዝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። ቀልዷን ተወች። «ካልተሸጠ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«ባለ ወፍጮ ቤቱ ጋ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሰማችሁ» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ፤ «ነገ ጎመን ያልገዛች በሚመጣው እሑድ እዚህ ዛፍ ሥር አትቀመጥም።»

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ የሼዱ በር ላይ የዘንቢል ሰልፍ ቆመ። ሽፈራው ምን እንደመጣበት አላወቀም፤ አልነገርኩትም ነበር። ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ሲያቀብል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰልፉን አይተው የሱማሌና የአፋር ገበያተኞችም መጡ፤ ቲማቲሙንና ሎሚውን በየሣጥኑ ወሰዱ። ጎመኑን ግን አንዷ በእጇ አገላብጣ «ይህ ለፍየል ነው?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ሳምንት የፈረንጆቹ ሰፈር ሁሉ ጎመን ጎመን ሸተተ። ሙሴ በሦስተኛው ቀን ሹካውን አስቀምጦ «እንደገና?» አለ። ማዳም «የወቅቱ ነው» አለችው፤ እኔ የነገርኳት ነው።

ሁሉም አልተሸጠም። ከቲማቲሙ ሢሶው ፈሶ ሼዱን አገማው፤ የጥገናው ሰዎች ወር ሙሉ ሲረግሙን ከረሙ። ረቡዕ ማታ ግን ጎመን የቀረው ከፉርጎው ጥግ አንድ ረድፍ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሐጂ ሳልም ነጭ ጀለብያቸውን ለብሰው፣ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ጋሼ ቤት መጡ። እኔ ማዳምን አስፈቅጄ መጥቼ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ጋሼ ሻንጣቸውን እንኳ ገፋ አላደረጉትም፤ ሐጂ ተሻግረውት ተቀመጡ።

«ሐጂ» አሉ ጋሼ፤ «መርከብ ሲጫን ሳላይ ልጅ አልሰጥም ብዬ ነበር።»

«እኔም መርከቦቹን አላየሁም» አሉ ሐጂ። «ዘንቢሎቹን ግን አይቻለሁ። አንተስ?»

«አይቻለሁ። ሼዱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ?»

ጋሼ ወደ ሽፈራው ዞሩ፤ እሱ ሽማግሌዎቹን ተከትሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«መርከብ ጠባቂ ነበርኩ። አሁን ጎመን ሻጭ ነኝ።»

«ውሸትህን ነው፤ ጎመኑን የሸጠችው እሷ ናት» አሉ ጋሼ። «እሷን ይዣት ብሄድ ይህን ልጅ ጎመኑ ይበላዋል። ትቅር።»

ቀረሁ። ትንሿን ሻንጣ ጋሼ ለእኔው ትተውልኝ ሄዱ፤ የሠርግ ልብሴን አስቀመጥኩባት። ሐጂ ግድግዳቸውን አላስቀቡትም፤ አዲሱን የጻፉት ከሥሩ ነው፤ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማዳሟ ምን እንደምትወድ፣ የምትገዛው ልጅ ስሟ ማን እንደሆነ። ከእሳቸው በኋላ መጋዘኑን እኛ ያዝነው። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ሌሎች ፈረንጆች መጡ፤ የዕረፍት ቀኑ ከእሑድ ወደ ዓርብ ዞረ፤ የድሮው ባቡር ቆመ፣ አትክልቱ በመኪና መምጣት ጀመረ። በዚህ ሁሉ መሃል የነዳጅ መርከብ ሲያልፍ ሽፈራው ሁልጊዜ ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ግን ዘንቢል ነው የማየው።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስነግራቸው ሁልጊዜ እሱ የተሳሳተ፣ እኔ ደግሞ ያዳንኩት አድርጌ ነበር የማወራው። እሱ አይከራከረኝም፤ ትከሻው ይስቃል። አሁን ብቻዬን ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሬዲዮው ስለ መርከቦቹ በተናገረ ቁጥር፣ በየት እንደሚዞሩ፣ መቼ ሊመለሱ እንደሚችሉ ባለሙያዎች ሲያስረዱ አዳምጣለሁ። የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜም የሚያውቁ ነበሩ፤ ሙሴ ያውቅ ነበር፣ እኔም ከእሱ ሰምቼ አወቅሁ። እኔና ሙሴ ብቻ ብንሆን ኖሮ ግን ያ ፉርጎ ከድሬዳዋ አይነሣም ነበር፤ እኔም የምሸጠው አይኖረኝም፣ ባቡሩ ላይ እሳፈር ነበር። ለማስተዋሌ ሥራ የሰጠው የእሱ ስሕተት ነው። ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ሳልነግረው መቅረቴ ይቆጨኛል፤ ቢሰማ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ። ምንም አይልም።

ከተቀበረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሥራውን አሳነስኩት። ምንም የሚሸጥ አልመሰለኝም። ደንበኞቹ መጥተው ባዶ ሣጥን እያዩ ተመለሱ፤ ሦስተኛ ጊዜ የተመለሰች አንዲት ወጣት ሠራተኛ «እማማ፣ ዘጋችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልዘጋንም አልኳት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ድሬዳዋ እየደወልኩ አትክልቱን የማዘው እኔ ነኝ፤ ይሸጣል ብዬ ከማስበው ትንሽ አስበልጬ አዛለሁ።